አራት ጣት ስፖንጅ

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን
ከስፌት ቤቱ፣ ከምሳ በኋላ

ለልጄ አባት፣

እንዴት ነህ? እግርህስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ እንደሚያስቸግርህ ልጅህ ነግራኛለች። እኔ ጠይቄያት አይደለም፣ እንዲያው ወሬ መሃል ነው የነገረችኝ፤ እንዳትኩራራ። መንዳት የምታስተምራቸው ሰዎችስ ዛሬም ፍሬን ስትላቸው ነዳጅ እየረገጡ ያደርቁሃል? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ትንሽ ደክሞ መነጽር አድርጌያለሁ። ምላሴ ግን መርፌ ብለህ ስም ባወጣህልኝ ጊዜ እንደነበረው ነው።

ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ዛሬ ምን ተገኘ ትል ይሆናል። ስልክ ብደውል ይቀለኝ ነበር። ግን ስልክ ላይ አንተ አንድ ቃል ሳትጨርስ እኔ አሥር እናገራለሁ፣ ከዚያ እንጣላለን፣ ከዚያ ጆሮህ ላይ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ላይ ብቻዬን ብለፈልፍ የሚያቋርጠኝ የለም። የምነግርህም ነገር ከስሩ ካልተነሳ ስለማይገባ ታገሰኝ።

ልጅህ የመኪና ውድድር ልትገባ ነው። በል አሁን ቁጭ በልና ቀጥል። እኔ ስሰማ ክው ከማለቴ የተነሳ የያዝኩት መቀስ ከእጄ ወደቀ። ለካ ከሥራ ጓደኛዋ ጋር ሆነው አንድ አሮጌ መኪና ገዝተው፣ ውስጡን ባዶ እስኪሆን አራግፈው፣ በዚያ ብረት በያጅ ወዳጅህ ግቢ አቁመውት ከርመዋል። ከሞተሩ በቀር ደህና ነገር የለውም። እንዲህ ዓይነት ርካሽ መኪና ብቻ የሚገባበት ውድድር ነው አሉ። አንተ ራስህ ትነዳበት የነበረው መሆኑ ነው፤ ሀብታም አይገባበትም፣ የሚገባው እብድ ነው።

“እማዬ፣ አንቺ እሺ ካላልሽ አልነዳም፤ እውነቴን ነው” አለችኝ። “ግን እንቢ ከማለትሽ በፊት መጥተሽ ወንበሩንና ቀበቶውን አብረሽኝ ምረጪ። ሁሉን አይተሽ እንቢ ካልሽ መሪውን ለጓደኛዬ እሰጣለሁ።”

ተንኮሏን አየህ? አንድ ነገር እንዴት እንደተሠራ ፈትቼ ሳላይ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ታውቃለች። ውድድሩ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ነው። እኔ ግን የሄድኩት እንቢ ልል ነው፣ አልደብቅህም። አንተ ከዚያ ግድግዳ ጋር ከተላተምክ ወዲህ የውድድር መኪና የቆመበት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ዳሌህ ተሰብሮ የተኛህበት ክፍል እስከዛሬ ይሸተኛል። ሐኪሙ “ቀበቶ ታስረህ እያለህ እንዴት ከስሩ ሾልከህ ወጣህ?” ሲልህ፣ መጀመሪያ እኔን አየኸኝ፣ ከዚያ “አላጠበቅኩትም ነበር” አልክ። እኔም ያችን ቃል ይዤ ነው የቆየሁት። ሚስትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቤት አስቀምጦ አንዲት ቀበቶ ስቦ ማጥበቅ የሰነፈ ሰው! “የረሳኸው ቀበቶውን ሳይሆን እኛን ነው” አልኩህ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ብል ደህና ነበር፣ እኔ ግን ሻንጣህን እስክታነሳ ድረስ በየቀኑ አልኩህ።

እሺ፣ ወደ ወንበሩ ልመለስ።

አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ ሄድን። ሻጩ ሦስት ወንበር አወጣልን። አንደኛው ቀይና ጥቁር፣ ጎንና ጎኑ የታቀፈ፣ ስፌቱ የሚያምር ነው። የወንበር ልብስ ሰፊ እንደመሆኔ ቀናሁበት። ልጅህ ግን የጀርባውን መደገፊያ በሁለት እጇ ይዛ ስትወዘውዘው ሲጥ ሲጥ አለ። “ይሄ ወደኋላ የሚተኛ ወንበር ነው እማዬ። ማጠፊያው አንዴ ከተመታ ይሰበራል፤ ለፎቶ ነው የሚሆነው” አለች። እኔ ስንት ዓመት ወንበር ሳለብስ ውበቱን እንጂ ማጠፊያውን አይቼ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ፋይበር ግላስ ነው፣ ላዩ ጥቁር ጨርቅ ለብሷል። ልጅህ ስትቀመጥበት ልክክ አለላት፣ ፊቷ በራ። የእኔ እጅ ደግሞ መቼ ያርፋል፣ ልብሱን ከኋላ ስደባብስ አንድ ቦታ ላይ ስፌቱ የፋብሪካ አይደለም። ሰው በእጁ የሰፋው ነው፣ ያውም በችኮላ።

“ይሄን ማን ነው የከፈተው?” አልኩት ሻጩን።

“የትኛውን እናቴ? ከነበረበት አልተነካም” አለኝ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ምላጬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሦስት አራት ጥልፍ ብፈታ፣ ወገቡ ጋ እጅ የሚያህል ስንጥቅ በቀለም ተሸፍኖ ተገኘ። ሻጩ ጭንቅላቱን አከከ። ልጅህ ደግሞ አቀፈችኝና “ከዛሬ ጀምሮ ከቡድናችን አልለቅሽም” አለች። እውነቱን ልንገርህ፣ እንቢ ልል የሄድኩ ሴትዮ እዚያው ቆሜ ደስ አለኝ።

ሦስተኛው ልብስ የሌለው፣ አንድ ወጥ የሆነ የአሉሚኒየም ገንዳ ነገር ነው። ሲያስጠላ! አይታጠፍም፣ አይተኛም፣ አይንቀሳቀስም። ግን ዳሌዋን ግራና ቀኝ ጥብቅ አድርጎ ያዛት፤ ትከሻዋን ብገፋት ንቅንቅ አልል አለች። የቀበቶዎቹ መውጫ ቀዳዳዎች በየቦታቸው አሉ። እሱን ይዘን ተመለስን።

ቀበቶው ላይ ግን ሽንጤን ገትሬ ነው የተከራከርኩት። ጓደኛዋ ውድድር ካቆመ ሰው ያመጣችው አሮጌ ቀበቶ ነበር፤ የትከሻው ጨርቅ በፀሐይ ገርጥቶ ጠርዙ ተቦጭቋል። እኔ ምን አልኩ? “አምጪው፣ በሰም ክር ደርቤ እሰፋዋለሁ፣ መኪና ይጎትታል።”

ልጅህ ከእጄ መነጨቀችኝ። “በመርፌ እንዳትነኪው! አንድ ቀዳዳ ከጨመርሽበት ያስወጡናል። ደግሞ ጊዜውም አልፏል።”

“ቀበቶ ጊዜ ያልፍበታል? ወተት ነው እንዴ?”

ለካ ጥጉ ላይ ቀን የታተመባት ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍታበታለች። ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ ቢመስልም አይቀበሉትም። ነገሩ አልዋጥልሽ ሲለኝ ከጫፉ ቆርጬ ስፌት ቤት ወሰድኩና ክሩን አንድ በአንድ ፈታሁት። ፀሐይ ያላየው ክር ስስበው ጣቴን ሊቆርጠኝ ደረሰ፤ ፀሐይ ያየው ግን እጄ ላይ ተፈረፈረ። ዕድሜ ልኬን ከክር ጋር ኖሬ ይሄን አለማወቄ አናደደኝ። በማግስቱ አዲስ ቀበቶ ገዙ፣ ባለ አምስት ማሰሪያ፤ ሁለት ለትከሻ፣ ሁለት ለወገብ፣ አንዷ በእግር መሃል ወጥታ የወገቡን ወደ ታች የምትይዝ። ያቺን አምስተኛዋን ሳይ ሳቄ መጣ፣ በኋላ ግን ጥቅሟ ሲነገረኝ ስፌቷን በጣቴ ፈተሽኩ።

በያጁ ያው የድሮ ወዳጅህ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። ዛሬም እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ እርሳሴን ማን ወሰደው ይላል። ሲያየኝ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ “እትዬ” ብሎ በክርኑ ሰላም አለኝ፣ እጁ ግራሶ ስለነበረ። ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ በጥያቄ አደረቅኩት። ወለሉን በስቶ ወንበሩን ሲያስር ከስር መዳፍ የሚያህል ወፍራም ብረት ይደርባል። ለምን? የመኪናው ላሜራ ስስ ስለሆነ፣ መኪናው ሲላተም ቡሎኑ ቀዶት እንዳይወጣ ነው። ይሄ ወዲያው ገባኝ፤ እኔም ቆዳ ላይ አዝራር ስሰፋ ከኋላ ቁራጭ እደርባለሁ። የትከሻው ቀበቶ ደግሞ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከወንበሩ ጀርባ በትከሻዋ ልክ ከተበየደው የቱቦ ብረት ላይ ይታሰራል።

“ወለሉ ላይ ብታስረው ምን ይላል? ይቀልህ ነበር” አልኩት።

እጁን ጠርጎ ሁለቱን ትከሻዬን ይዞ ወደ ታች ተጫነኝ። “እትዬ፣ ያኔ እንዲህ ነው የሚጎትታት። አከርካሪዋን ያጥፈዋል።” የወገቡም ቀበቶ ሆድ ላይ እንዳይውል፣ ዝቅ ብሎ የዳሌ አጥንት ላይ እንዲያርፍ ማሰሪያውን የት ጋ እንደሚተክል በእርሳስ ምልክት አደረገ። እርሳሱን ጆሮው ላይ ያሳየሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

ልጅህ አጭር ናት። ከእኔ ነው የወሰደችው፣ አልክድም። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ መሪው አፍንጫዋ ጋ ደረሰ። በያጁ ወንበሩን ከስር በብረት ከፍ ላድርገው ሲል እኔ ጥልቅ አልኩ። “ምን ብረት ያስቆርጥሃል? ትራስ እሰራላታለሁ!” አልኩ። እሱ “ትራስ እንኳ...” ብሎ ጀመረና ወደ ብየዳው ዞረ። እኔም ስፌት ቤት ሮጥኩና ከመሳቢያ ካርቶኑን አወጣሁ። የቱን ካርቶን? ያንተን ነዋ! ወንበሩ ወገቤን ቆረጠኝ እያልክ ስትነጫነጭብኝ፣ አሳዝነኸኝ፣ የትራስህን ልክ የቆረጥኩበትን ካርቶን። በዚያው ልክ አራት ጣት ስፖንጅ ቆረጥኩ፣ ቀይ ቆዳ አለበስኩት፣ ጠርዙን በድርብ ስፌት ዞርኩት። ያንተው መንትያ ሆኖ ወጣ። ልጅህ ተቀመጠችበትና “ወይኔ ምቾት!” አለች። በዚያች ሰዓት እንቢ ማለቱን ረስቼው ነበር።

ትናንት የውድድሩ ክለብ ተቆጣጣሪ መጡ። ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሽማግሌ ናቸው። ወንበሩን ወዘወዙ፣ ከመኪናው ስር ተኝተው ቡሎኑን ቆጠሩ፣ የቀበቶውን ቀን አነበቡ፣ ሁሉንም ጥሩ ነው ጥሩ ነው አሉ። ትራሱ ጋ ሲደርሱ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት።

“ይሄ ይውጣ።”

“ምን ጎደለው?” አልኩ፣ ደሜ ፈልቶ።

“ስፌቱ ምንም አልጎደለውም እናቴ፣ እጅ ይባረክ የሚያሰኝ ነው። ይምጡ ላሳይዎት።” ልጅህን አስቀመጡና ቀበቶውን እሷ ራሷ “በቃ፣ በቃ” እስክትል አጠበቁት። “በሉ በወገቧና በቀበቶው መሃል እጅዎትን ያስገቡ” አሉኝ። ጣቴ እንኳ አልገባም። ከዚያ እሳቸውና በያጁ ግራና ቀኝ ቆመው ትከሻዋን ወደ ታች ተጫኑ። ስፖንጁ ጭምቅ አለ። “አሁንስ?”

ቡጢዬ ገባ። ሙሉ ቡጢዬ።

“ይሄ የሁለት ሰው እጅ ብቻ ነው” አሉ። “መኪና ሲላተም የሚጫናት ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። በዚያች ሰዓት ቀበቶው ላላ ማለት ነው። ሰውየው ከስሩ ይሾልካል፣ ቀበቶው ከዳሌ ወደ ሆድ ይወጣል። አምስተኛዋም ማሰሪያ ብቻዋን አታድንም። ብዙ ሰው አጥብቄ ነበር ይላል። ማጥበቁንስ ያጠብቃል፣ ግን ያጠበቀው ስፖንጁን ነው።”

ቀና ብዬ በያጁን አየሁት። ዓይኑን ሰብሮ እርሳሱን መፈለግ ጀመረ። እርሳሱ እጁ ላይ ነበር።

ወደ ስፌት ቤት ተመለስኩ። አሁን የምጽፍልህ ከስፌት መኪናዬ ፊት ካለው በርጩማ ላይ ሆኜ ነው፤ በርጩማው ላይ ምን እንደነበረ ታስታውሳለህ። ያንተ ትራስ ነው። ከተሰባበረው መኪና ውስጥ በእጄ አውጥቼ ያመጣሁት። ከሆስፒታል እንደወጣህ “ይሄን ነገር ጣይው” ስትለኝ የእጄን ሥራ የናቅክብኝ መስሎኝ፣ እልህ ይዞኝ፣ እዚህ አስቀመጥኩት። ዘጠኝ ዓመት እላዩ ላይ ተቀምጬ ነው እንጀራዬን የበላሁት። አንተም ከቤት እስክትወጣ ድረስ በየቀኑ ታየው ነበር። ትናንት አወረድኩትና ጠርዙን ፈታሁ። ስፖንጁ ያው ነው፣ አራት ጣት፣ ከዚያው ሱቅ የተገዛ። ጉልበቴን አሳርፌ ስጫነው እስከ ጣውላው ድረስ ወረደ።

ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ የበያጁ በር ላይ ቆምኩ። “ያን ቀን ቀበቶውን ማን ነው ያጠበቀለት?” አልኩት።

“እትዬ፣ ቃል አስገብቶኛል” አለኝ።

“እኔ ደግሞ ሳልሰማ ከዚህ በር አልነቃነቅም።”

“እኔ ነኝ” አለ። “ጉልበቴን በሩ ላይ አስደግፌ ነው የሳብኩት። ልትገድለኝ ነው እንዴ እያለ ይስቅ ነበር። በኋላ ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ እጄን ያዘኝና፣ ‘አላጠበቅኩትም ብያለሁ፣ አንተም እንዲያ በል። ትራሱ መሆኑን ካወቀች መርፌ ደግማ አትይዝም’ አለኝ።”

አንተ ሰው! ምን ዓይነት ሰው ነህ? እዚያው የብየዳ ጭስ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በያጁ የሚያደርገው ቢጠፋው ጨርቅ ሰጠኝ፣ እሱም ግራሶ ነበር፣ ፊቴ ጠቁሮ ነው ቤቴ የገባሁት። ከዚያ ተናደድኩ፣ አሁንም ተናድጃለሁ። ማን ሸክሜን ተሸከምልኝ አለህ? በየቀኑ “ረሳኸን” ስልህ፣ አንገትህን ደፍተህ ስትሰማኝ፣ ምናለ አንድ ቀን “ያንቺ ትራስ ነው” ብለህ ብትጮህብኝ? እኔ ብሆን በመጀመሪያው ሳምንት እናገር ነበር። ይሄው ነው ልዩነታችን። ዳሌህን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ እየወደድኩህ፣ እንዲመችህ ብዬ፣ ምንም ሳላውቅ። ቤትህን ያፈረስኩት ግን እያወቅኩ በምላሴ ነው፣ ለሱ ትራሱን አላመካኝም። ይቅር በለኝ። ይቺን ቃል ወረቀት ላይ ሳደርጋት የመጀመሪያዬ ነው፣ ታውቀኛለህ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ዝም ባልክልኝ ጊዜ ካርቶኑም ዝም ብሎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በዚያው ልክ ለልጃችን ቆረጥኩበት። እኚያ ሽማግሌ አውራ ጣታቸውን ባያሳርፉበት ኖሮ ምን እንደሚሆን አንተም እኔም እናውቃለን። እኔን ለማዳን ብለህ የደበቅከው ነገር ልጅህ ስር ሊቀመጥ ነበር። ከእንግዲህ የሆድ የሆዳችንን እንነጋገር፣ ጩኸትም ቢሆን ጩኸት ነው። ካርቶኑን ቀዳድጄ ጥየዋለሁ።

ልጅህ ምን አልኳት? እሺ አልኳት። አየሁት፣ ነካሁት፣ ፈታሁት፣ አሁን እያንዳንዱ ነገር ለምን እዚያ እንደታሰረ አውቃለሁ። ፈርቼ እንቢ ከምል አውቄ እሺ ብል ይሻለኛል። በያጁ ዛሬ ወንበሩን ከስር አራት ጣት ከፍ አድርጎ በብረት አስሮታል። ትራስ የለም። ልጅህ ደረቀኝ ትላለች፣ ይድረቃት።

አንድ ነገር ነው የቀረው። የትከሻውን ቀበቶ ተወዳዳሪው ራሱ እስከ መጨረሻው መሳብ አይችልም፤ ከውጭ ሆኖ የሚስብለት ሰው ያስፈልጋል። እሷ “አንቺ ትስቢልኛለሽ” ትለኛለች። ዛሬ ሞከርኩት። ቃተት ስትል ለቀቅ አደርገዋለሁ፤ ተቆጣጣሪው ቢያዩኝ ያባርሩኛል። በያጁም “እኔ ይሄን ነገር ሁለተኛ አላደርገውም፣ ይቅርብኝ” ብሏል። ሳይራራ የሚስብ፣ የላላ ቀበቶ ምን እንደሚያደርግ በአጥንቱ የሚያውቅ ሰው ነው የምንፈልገው። እንደዚያ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ልጅህ ልትለምንህ አፍራለች፣ እናቴ ትቀየመኛለች ብላ። ስለዚህ የምለምንህ እኔ ነኝ። በውድድሩ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ግባ፣ አልጋ አለ፣ ደረጃ የለውም።

መንገድህን ያቅናልህ፣ እግርህን ያጽናልህ፣ ለልጅህም እጅህን ያድርስላት።

መርፌህ ነኝ

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመጣውን ጥቅል ስትፈታ እንዳትደነግጥ። ትራስህ ነው። ጠርዙን መልሼ ሰፍቼዋለሁ። የአውቶቡሱ ወንበር ደረቅ ነው፣ መንገዱም ረጅም ነው፣ ያ ዳሌህ ያምሃል። ለአውቶቡስ ይሆናል፣ ተቆጣጣሪውን በስልክ ጠይቄያለሁ።